ምዕራፍ ስድስት፦ ደካማውን ተጋጣሚ በድፍረት ስለ መግጠም

በቁማር ወገን ከሚቈጠሩት ጨዋታዎች መካከል ፖከርን ልዩ የሚያደርገው ጠባይ፣ ተጫዋቹ ገንዘቡን ይዞ የሚፋለመው ከአጫዋቹ ቤት ጋር ሳይሆን እንደ እርሱ ወንበር ስቦ ከተቀመጠ ሌላ ሰው ጋር መሆኑ ነው። በአዲስ አበባ መንደሮች የተስፋፋውን የእግር ኳስ ውርርድ የሚያውቅ አንባቢ ልዩነቱን በቀላሉ ይረዳዋል፤ በዚያ ዋጋውን የሚተምነው ቤቱ ራሱ ስለ ሆነና ትርፉንም አስቀድሞ በዋጋው ውስጥ ስለሚሸሽገው፣ ተወራራጁ ስለ ኳስ የቱንም ያህል ቢያውቅ የሚገጥመው ሒሳቡን ጨርሶ ከተቀመጠ ቤት ጋር ነው። በፖከር ግን ቤቱ ስለ አስተናጋጅነቱ ጥቂት ድርሻ ቈርጦ ገለል ይላል፤ የቀረው ገንዘብ በተጫዋቾቹ መካከል ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ይዘዋወራል እንጂ ከውጭ የሚጨመርበት አንዳች ነገር የለም። ከዚህም የተነሣ የብልኁ ትርፍ በሙሉ የሌላው ስሕተት ነው፤ ተጋጣሚዎቹ ሁሉ ሳይሳሳቱ የሚጫወቱ ቢሆኑ ኖሮ፣ በዕውቀት ከሁሉ የላቀውም ሰው የቤቱን ድርሻ ብቻ እየከፈለ ባዶ እጁን ይነሣ ነበር። ስለ ደካማ ተጋጣሚ መናገር እንግዲህ ስለ ጨዋታው ሥር መናገር ነው፤ ባለፉት ምዕራፎች ስለ ካርታ ዕድልና ስለ ሥርዓቱ የተጻፈው ሁሉ ወደዚህ የሚያደርስ መንገድ ነበር።

በኢንተርኔት ከሁሉ ይልቅ የተለመደው ቴክሳስ ሆልደም የሚባለው ሥርዓት መሆኑ ተነግሯል። ለማስታወስ ያህል ብቻ፣ ከ52ቱ ካርታ ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ሁለት በስውር ይታደላል፤ ቀጥሎ የሁሉም የጋራ የሆኑ ሦስት ካርታዎች በመካከል ይገለጣሉ፤ ከዚያ አራተኛው፣ በመጨረሻም አምስተኛው ይከተላል፤ በነዚህም መካከል በጠቅላላው አራት ጊዜ ገንዘብ ይመደባል። ተጫዋቹ ተራው ሲደርስ ይመድባል ወይም ያሳልፋል፤ ሌላው የመደበውን ይከፍላል፣ በላዩ ይጨምራል፣ ወይም ካርታውን ጥሎ ይወጣል። በዚህ ሥርዓት ገንዘብ የሚገኝበት በር ሁለት ብቻ ነው፤ አንዱ እስከ መጨረሻው ቈይቶ በላጭ ካርታ ይዞ መገኘት፣ ሁለተኛው የቀሩት ሁሉ ጥለው እንዲወጡ ማድረግ። ዝም ብሎ የሚከፍል ሰው በመጀመሪያው በር ብቻ ሲገባ፣ ለሚመድብና ለሚጨምር ሰው ሁለቱም ተከፍተውለታል። ድፍረት በፖከር ዘንድ ከፍ ተደርጎ የሚመሰገነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ከቴክሳስ የተነሣው ዶይል ብራንሰንም በ1976 እና በ1977 የዓለምን ሻምፒዮና ተከታትሎ ካሸነፈ በኋላ ሱፐር ሲስተም በተባለው መጽሐፉ አጥብቆ ያስተማረው ይህንኑ ነው። (በዚህ ምዕራፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስታውስልኝ።) ነገር ግን ድፍረት በማን ላይ፣ በምን ካርታ፣ በስንት ገንዘብ የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ የሚሰበክ ድፍረት ተከታዮቹን ለጥፋት የሚዳርግ ስብከት ነው።

ይህ ስሕተት እንዴት እንደ ተስፋፋ ለማየት ወደ 2003 መመለስ ያስፈልጋል። በእውነተኛ ገንዘብ የሚያጫውተው የመጀመሪያው የኢንተርኔት ቤት፣ ፕላኔት ፖከር፣ ሥራውን ከጀመረ አምስት ዓመት ሆኖት ሳለ፣ ክሪስ መኒሜከር የሚባል የቴነሲ አገር የሒሳብ ሠራተኛ ከመቶ ዶላር ያነሰ ከፍሎ በኢንተርኔት ማጣሪያ ወደ ላስ ቬጋስ ሻምፒዮና የመግባት ዕድል አገኘና፣ 839 ተወዳዳሪዎች ከተሰለፉበት ውድድር አንደኛ ወጥቶ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ተሸለመ። በማግሥቱ ዓመት ተወዳዳሪው 2,576፣ በ2006 ደግሞ 8,773 ሆነ። የዚህን ሁሉ ሕዝብ ኅሊና የማረከው ገንዘቡ ብቻ አልነበረም፤ መኒሜከር በመጨረሻው ፍልሚያ በስመ ጥሩው ተጫዋች በሳሚ ፋርሃ ላይ የፈጸመውና በቴሌቪዥን የታየው አንድ ብለፋ፣ ማለት ባዶ እጁን ይዞ ያለውን ሁሉ ያስያዘበት ድፍረት ነበር። መኒሜከር የያዘው የስፔድ ንጉሥና ሰባት፣ ፋርሃ የያዘው የስፔድ ንግሥትና ዘጠኝ፣ በመካከል የተገለጡት ደግሞ ዘጠኝ፣ ሁለት፣ ስድስት፣ ስምንትና ሦስት ነበሩ፤ ፋርሃ ጥንድ ዘጠኝ ሲኖረው፣ የመኒሜከር ተስፋ ግን በመጨረሻው ካርታ ከሽፎ ከንጉሡ በቀር ምንም አልቀረውም ነበር። ቢሆንም ያለውን ሁሉ ወደ መካከል ገፋው፤ ፋርሃም ብዙ ካሰበ በኋላ በላጩን ካርታ ጣለ።

ከዚህ ትርኢት ሚሊዮኖች የቀሰሙት ትምህርት በእኔ አስተያየት የተገለበጠ ነው። ያ ብለፋ የሠመረው ፋርሃ ብርቱ ተጫዋች ስለ ነበረ ነው፤ ጥንድ ዘጠኝ ሊሸነፍ እንደሚችል ስለሚያውቅ፣ የተጋጣሚውን መደብ እንደ ንግግር አድምጦ ስለሚተረጕም፣ ሦስት ስፔድ ተገልጦ ሳለ ያለውን ሁሉ የሚያስይዝ ሰው ምን ሊይዝ እንደሚችል በልቡ ስለሚያሰላ ነው። ይህን ሁሉ የማያስብ ሰው በእርሱ ወንበር ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ፣ ጥንዱን አይቶ ደስ ብሎት በከፈለና የሒሳብ ሠራተኛው ስም ዛሬ በማንም ዘንድ ባልታወቀ ነበር። ብለፋ ታሪክ ነግሮ ማሳመን ነውና ታሪኩን የሚያዳምጥ ይፈልጋል። በቴሌቪዥን ያዩትን ድፍረት በየቤታቸው በትንንሽ ጠረጴዛዎች ላይ የሞከሩት ብዙዎች የገጠሟቸው ግን እንደ ራሳቸው ትናንት የጀመሩ፣ ከገዛ ካርታቸው በቀር ሌላ ነገር የማያዩ ሰዎች ነበሩ፤ ድንቅ ታሪካቸውንም ላልሰማ ሰው እየተረኩ ገንዘባቸውን አስረከቡ።

ደካማ የሚባለው ተጋጣሚ አንድ ዓይነት አይደለም። ከሁሉ የሚበዛውና ትርፍም ከሁሉ ይልቅ የሚገኝበት፣ በዚህ ምዕራፍ ከፋይ ብዬ የምጠራው ሰው ነው፤ ለመጫወት እንጂ ለመጣል አልመጣምና ጥሩም መጥፎም ካርታ ይዞ ይገባል፣ ከመካከል አንዲት ትንሽ ጥንድ ካገኘ እስከ መጨረሻው ይከተላል፣ ተጋጣሚው ያታልለኛል የሚለው ጥርጣሬ እሸነፋለሁ ከሚለው ፍርሀት ይበልጥበታል። ሁለተኛው ፈሪው ነው፤ ይህ ደግሞ በተቃራኒው የመጀመሪያዎቹ ሦስት ካርታዎች ካልረዱት በማንኛውም መደብ ፊት ይሸሻል። ያለ ምክንያት ሁልጊዜ የሚጨምረው ሦስተኛው ዓይነት፣ እብሪተኛው፣ እዚህ ብዙ አያስፈልገንም፤ ለእርሱ የሚበቃው ጥሩ ካርታ እስኪመጣ መታገሥና ሲመጣ እርሱ ራሱ እንዲመድብ መተው ነው። ታዲያ ደካማን በድፍረት ግጠም የሚለው ምክር አንድ ቃል ሆኖ ሳለ በከፋዩና በፈሪው ላይ የሚሠራው ሥራ ፈጽሞ የተለያየ ነው፤ በከፋዩ ላይ ድፍረት ማለት በጥሩ ካርታ ብዙ መመደብ፣ በፈሪው ላይ ድፍረት ማለት በመጥፎም ካርታ ደጋግሞ መመደብ ነው። ሁለቱን ያቀያየረ ሰው ከፋዩን በባዶ እጅ ሲያስፈራራ፣ ፈሪውንም በጥሩ ካርታ ሲያባርር ይኖራል፤ ይህም በየጠረጴዛው ሌት ተቀን የሚታይ ነገር ነው።

ስለ ከፋዩ በሰፊው መናገር ይገባል። ጀማሪ ተጫዋች ጥሩ ካርታ በመጣለት ጊዜ ያ ሰው እንዳይሸሽበት በመሥጋት ጥቂት ገንዘብ ብቻ ይመድባል፤ ይህ ሥጋት በብርቱ ሰው ፊት ምናልባት ምክንያት ይኖረው ይሆናል፣ በከፋዩ ፊት ግን ከንቱ ነው፤ ገዢው ዋጋ እንደማይከራከር የሚያውቅ ነጋዴ የጨርቁን ዋጋ በገዛ አፉ እንደሚቀንስ ያህል ነውና። ሒሳቡ እንዲህ ነው። አምስቱም ካርታ ተገልጦ ስለ ከፋዩ ልማድ ከምናውቀው ተነሥተን፣ ቢከፍለን ከአራቱ ጊዜ ሦስቱን እናሸንፋለን እንበል። 40 ዶላር ብንመድብ፣ ሦስት ጊዜ 40 እናገኝና አንድ ጊዜ 40 እናጣለን፤ በአራቱ ተካፍሎ ከያንዳንዱ 20 ዶላር ይተርፋል። 80 ብንመድብና እርሱ እንደ ልማዱ ቢከፍል ግን ትርፉ 40 ይሆናል። ካርታው ያው፣ ሰውየውም ያው ሆኖ ሳለ፣ ትርፉን በእጥፍ ያሳደገው የመደቡ መጠን ብቻ ነው። ብርቱ ተጫዋች መደቡ በጨመረ ቍጥር የሚከፍልበትን ካርታ እያጠበበ ስለሚሄድ ይህ ስሌት አይሠራበትም፤ የከፋዩ ድካም ግን በትክክል በዚህ ነው፣ ለ40ውም ለ80ውም የሚሰጠው መልስ አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ መካከለኛ ጥንድ ይዞ በማሳለፍ የሚቈጠቍጥ ሰው ራሱን ጠንቃቃ አድርጎ ቢቈጥርም፣ በእውነቱ በየምሽቱ የሚያፈሰውን ገንዘብ አያየውም፤ የጠፋ መደብ ለዓይን ይታያል፣ ያልተመደበ ትርፍ ግን አይታይምና።

ሌላው የድፍረት ምክንያት ከፋዩ ገና ያልተሟላ ካርታ ይዞ ተስፋ ሲያደርግ ነው። ሦስቱ ካርታዎች በተገለጡ ጊዜ አራት የአንድ ዓይነት ካርታ፣ ለምሳሌ አራት ስፔድ፣ ይዞ አምስተኛውን የሚጠብቅ ሰው፣ ከማይታዩት 47 ካርታዎች የሚረዱት 9 ናቸው፤ በሚቀጥለው አንድ ካርታ የማግኘት ዕድሉ ከመቶ 19 ያህል፣ በሁለቱ ካርታዎች በጠቅላላው ደግሞ ከመቶ 35 ያህል ነው። አሁን በመካከል 100 ዶላር ቢኖርና እኛ 20 ብንመድብ፣ እርሱ 20 ከፍሎ 120 ለማግኘት ይሞክራል፤ ለዚህ ዋጋ ከሰባት አንድ ጊዜ ቢያገኝ ስለሚበቃውና ዕድሉ ግን ከአምስት አንድ ጊዜ ገደማ ስለ ሆነ፣ በዚች ትንሽ መደብ እኛው ራሳችን ትርፍ ሰጥተነዋል። 100 ብንመድብ ግን 100 ከፍሎ 200 ለማግኘት ነውና ከሦስት አንድ ጊዜ ማግኘት ያስፈልገዋል፤ ይህን ሳያሰላ በከፈለ ቍጥር፣ የኋላውን መደብ ትተን፣ በያንዳንዱ ጊዜ 43 ዶላር ያህል ያጣል። አንዳንድ ጊዜ አምስተኛው ካርታ ይመጣለትና የመካከሉን ገንዘብ ጠቅልሎ ይወስዳል፤ ያን ጊዜ የሚበሳጨው ተጫዋች ምን እንደ ሸጠ አላወቀም። ተስፋ ላይ ያለ ሰው ከአምስት አንድ ጊዜ ማግኘቱ የሚገባው ዕጣው ነው፤ የእኛ ፋንታ በቀሩት አራት ጊዜያት የከፈለው ዋጋ ነው።

ካርታው ከመገለጡም በፊት ቢሆን ለድፍረት ሥፍራ አለ። ከፋዩ ብዙውን ጊዜ የሚገባው ትልቁን የግዴታ መደብ፣ ማለት ከዕደላ በፊት በግድ የሚያዘውን ገንዘብ ብቻ ከፍሎ፣ ምንም ሳይጨምር ነው። ከእርሱ በኋላ ተራ የደረሰው ተጫዋች ደኅና ካርታ ይዞ በሦስት ወይም በአምስት እጥፍ ቢጨምር ሁለት ነገር ያገኛል፤ ሌሎቹን ብርቱዎች አስወጥቶ ከደካማው ጋር ለብቻው ይቀራል፣ ደግሞም በቀሩት መደቦች ሁሉ ከእርሱ በኋላ የሚናገር ይሆናል። በፖከር ኋለኛ ተራ ከካርታ ጥራት የማይተናነስ ሀብት ነው፤ የፊተኛው ማሳለፉን ወይም መመደቡን አይቶ መወሰን፣ ሳያዩ ከመወሰን እጅግ ይሻላልና። ይህን የሚያውቁ ሰዎች ጠረጴዛ ሲመርጡ ከካርታው አስቀድሞ ወንበሩን ይመርጣሉ፤ ከደካማው በስተግራ፣ ማለት ከእርሱ ቀጥሎ ተራ በሚደርስበት ቦታ ይቀመጣሉ።

ወደ ፈሪው ስንመጣ ሒሳቡ ይገለበጣል። ጥንድ ያልሆኑ ሁለት ካርታዎች የያዘ ሰው፣ ከሦስቱ የመጀመሪያ ካርታዎች ቢያንስ አንድ ጥንድ የሚያገኘው ከሦስት ጊዜ አንድ ጊዜ ያህል ብቻ ነው። ጥንድ ካላገኘ የሚሸሽ ሰው እንግዲህ ከሦስት ሁለቱን ጊዜ ያህል ለመሸሽ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል ማለት ነው። በመካከል 100 ዶላር ባለበት 50 የሚመድብ ሰው፣ እጁ ፍጹም ባዶ እንኳ ቢሆን፣ ከሦስት አንድ ጊዜ ብቻ ቢሸሹለት ኪሳራ የለበትም፤ ግማሹን ጊዜ ቢሸሹለት በያንዳንዱ 25 ዶላር ያተርፋል። ይኸው መደብ ከአሥር አንድ ጊዜ ብቻ በሚሸሽ ከፋይ ላይ ቢደረግ ግን በያንዳንዱ 35 ዶላር ያስከስራል። አንዱ ሥራ በአንዱ ሰው ላይ ጽድቅ፣ በሌላው ላይ ኃጢአት ሆኖ ሲገኝ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ምሳሌ የለም። በፈሪው ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ሌላ ነገር፣ ከተቃወመ ማቆም ነው፤ አንድ ጊዜ ከከፈለ አንዳች ነገር አለውና፣ እልህ ይዞ በአራተኛውና በአምስተኛው ካርታ ላይ ባዶ እጅን መግፋት የተገኘውን ትርፍ መመለስ ነው።

በኢንተርኔት ጠረጴዛ የሰው ፊት አይታይም፤ የሚንቀጠቀጥ እጅ፣ የሚሸሽ ዓይን የለም። ፊት ለፊት በሚደረግ ጨዋታ በሰዓት 30 ያህል ዕደላ ሲታደል፣ በኢንተርኔት አንዱ ጠረጴዛ ብቻ የዚህን እጥፍ ያህል ያስኬዳል፤ ብዙዎችም አራት ወይም ከዚያ በላይ ጠረጴዛ በአንድ ጊዜ ይከፍታሉ። ከዚህ የተነሣ ተጋጣሚን የማወቂያው መንገድ ቍጥር ሆነ። ፖከር ትራከርና ሆልደም ማኔጀር የተባሉት ፕሮግራሞች እያንዳንዱ ሰው ከመቶ ዕደላ ስንት ጊዜ ገንዘብ አውጥቶ እንደ ገባ፣ ስንት ጊዜ እንደ ጨመረ እየመዘገቡ በስሙ አጠገብ ያሳያሉ። ስድስት ሰው በሚቀመጥበት ጠረጴዛ ደኅና ተጫዋች ከመቶ ከ20 እስከ 25 ጊዜ ያህል ይገባል፣ ከገባባቸውም አብዛኞቹን በመጨመር ይገባል፤ ከመቶ 50 ጊዜ የሚገባና 5 ጊዜ ብቻ የሚጨምር ሰው ቢታይ፣ ስሙንም አገሩንም ማወቅ ሳያስፈልግ ከፋዩ ተገኝቷል። ፕሮግራሙ የተከለከለባቸው ቤቶች አሉ፤ በዚያ የሚቀረው የድሮው ዘዴ፣ ማለት ካርታው በተገለጠ ጊዜ ማን በምን ካርታ እስከ መጨረሻ እንደ ቈየ ማስተዋል ነው። ይህ ሥራ አሰልቺ ነው፤ ጥለው ከወጡ በኋላ የሌላውን ሰው ጨዋታ መከታተል ለብዙዎች የማይቻል ትዕግሥት ይጠይቃል። እኔ ግን ከዐሥር ሕግ ይልቅ ይህ ትዕግሥት የበለጠ ገንዘብ ያመጣል ባይ ነኝ።

ከዚሁ ጋር ሊታወቅ የሚገባው የድፍረት ወሰን አለ። ሌሊቱን ሙሉ ሲከፍል ብቻ የኖረ ሰው፣ አራተኛው ካርታ ከተገለጠ በኋላ ድንገት በመደባችን ላይ ቢጨምር፣ ያ ሰው ጀግና አልሆነም፤ ብርቱ ካርታ አግኝቷል። ከፋዩ በባዶ እጅ ማስፈራራት ልማዱ አይደለምና፣ ንጉሥና አስ ይዘን ንጉሥ ቢገለጥልንና ጥንድ ቢኖረን እንኳ ያን ጊዜ መጣል ይገባል። ደፋሩ ተጫዋች ትርፉን ሁሉ የሚያጣው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ሥፍራ ነው፤ እርሱ ደካማ ነው፣ እኔ ብርቱ ነኝ በሚል ትዕቢት፣ ደካማውም ሰው እንደ ሌላው ሁሉ ካርታ እንደሚታደለው ይዘነጋል።

ሊቃውንት ይህን ነገር ከሌላ ወገን መርምረውታል። ጆን ፎን ኖይማን በ1928 ባወጣው ጥናትና ከኦስካር ሞርገንስተርን ጋር በ1944 ባሳተመው ታላቅ መጽሐፍ፣ ሁለት ሰዎች ሲጋጠሙ አንዱ የሚያገኘው ሌላው የሚያጣው በሆነበት ጨዋታ፣ ተጋጣሚው የቱንም ያህል ብልኅ ቢሆን ሊጐዳው የማይችለው አንድ የመከላከያ ሥርዓት መኖሩን አስረዳ፤ በፖከርም በባዶ እጅ መመደብ የቁማርተኛ ተንኰል ብቻ ሳይሆን የሒሳብ ግዴታ መሆኑን ገለጠ። በ2017 በፒትስበርግ ከተማ፣ የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲው ቱዎማስ ሳንድሆልምና ተማሪው ኖአም ብራውን የሠሩት ሊብራተስ የተባለው መኪና ከአራት ባለሙያዎች ጋር በ20 ቀን 120,000 ዕደላ ተጫውቶ፣ በመጫወቻው ገንዘብ ሲቈጠር ከ1.7 ሚሊዮን ዶላር በላይ በልጧቸው ወጣ። የሚያስደንቀው ግን ይህ መኪና የሰዎቹን ድካም እያጠና የሚያጠቃ አለመሆኑ ነው፤ በየሌሊቱ የሚያርመው ሰዎቹ ያገኙበትን የራሱን ቀዳዳ ነበር። ፍጹም መከላከያ እንዲህ ነው፤ የሚመጣበትን ሁሉ ይችላል፣ ነገር ግን ከፊቱ ያለው ሰው ደካማ ይሁን ብርቱ አይለይም።

እዚህ ላይ ብዙ ወጣት ተጫዋቾች ይሰናከላሉ። በመኪና የተሰላውን ፍጹም ሥርዓት ወራት ፈጅተው አጥንተው ሲያበቁ፣ ወደ ትንንሽ ጠረጴዛዎች መጥተው ከፋዩን በዚያ ሥርዓት ይገጥሙታል፤ ሥርዓቱ በተወሰነ መጠን በባዶ እጅ ማስፈራራትን ስለሚያዝዝ፣ በማይሸሽ ሰው ላይ እየፈጸሙት ያለ ፋንታቸው ይከስራሉ። በደካማው ላይ መድፈር ከፍጹሙ ሥርዓት በፈቃድ መውጣት ነው፤ ከፋዩን ፈጽሞ ሳያስፈራሩ በጥሩ ካርታ ብቻ እየመደቡ መግጠም፣ በብርቱ ሰው ፊት የሚያጋልጥ ጉድለት ነበር፤ ብርቱው የሚመደበው ሁሉ እውነተኛ መሆኑን አውቆ ሁልጊዜ ይጥል ነበርና። ከፋዩ ግን አይጥልም፤ ጉድለቱ ክፍት ሆኖ ሳለ የሚገባበት የለም።

ይህ ሁሉ በትክክል ቢፈጸም ትርፉ በየምሽቱ ይታያል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ግን ተሳስቷል። የኢንተርኔት ተጫዋቾች ትርፋቸውን የሚለኩት በመቶ ዕደላ ስንት ትልቅ የግዴታ መደብ እንዳተረፉ በመቍጠር ነው፤ በዚህ ልክ 5 ማትረፍ እንደ ደኅና ሥራ ይቈጠራል። የዕድል መዋዠቅ ግን በመቶ ዕደላ 90 ያህል ስለሚደርስ፣ እንዲህ ያለ ትርፋማ ሰው 10,000 ዕደላ ተጫውቶ እንኳ ከዐሥር ሦስት ጊዜ ያህል በኪሳራ ሊገኝ ይችላል። ከፋዩን መግጠም ደግሞ መዋዠቁን ያከብደዋል፤ የማይጥል ሰው አልፎ አልፎ በመጨረሻው ካርታ ያሸንፋልና። ያን ጊዜ ቍጣ የያዘው ተጫዋች ከፋዩን ሊያስተምረው ይነሣል፤ በባዶ እጁ ሊያባርረው ይሞክራል፣ በመጻጻፊያው ሳጥን ይሰድበዋል፣ ካርታውን ለምን እንዳልጣለ ይገሥጸዋል። ከዚህ የከፋ ሥራ አላውቅም፤ ተሰዳቢው አንድም አፍሮ ይሄዳል፣ አንድም ምክሩን ሰምቶ ይሻሻላል፣ በሁለቱም ሰዳቢው የሚኖርበትን ምንጭ አደረቀ። ከመዋዠቁም የተነሣ ነው የለመዱ ተጫዋቾች የመጫወቻ ገንዘባቸውን ከኑሯቸው ለይተው፣ አንድ ጠረጴዛ ከሚጠይቀው ቢያንስ 20 እጥፍ ሳይዙ የማይቀመጡት።

የምንጩ ነገር ከተነሣ፣ ከተጫዋቾቹ ጥበብ ይልቅ መንግሥታት ያደረጉት የበለጠ ለውጦታል። በጥቅምት 2006 በአሜሪካ ወደ ኢንተርኔት ቁማር የሚደረገውን የገንዘብ ዝውውር የሚከለክል ሕግ በወጣ ጊዜ ፓርቲ ፖከር የተባለው ትልቅ ቤት ከዚያ አገር ወጣ፤ ሚያዝያ 15 ቀን 2011 ደግሞ የኒው ዮርክ ዐቃቤ ሕግ ፖከርስታርስ፣ ፉል ቲልትና አብሶሉት ፖከር የተባሉትን ቤቶች ባለቤቶች ከሰሰ፤ ተጫዋቾቹም ያን ቀን ጥቁር ዓርብ ብለው ጠሩት። ከሥራ መልስ ሊዝናኑ የሚቀመጡት አሜሪካውያን ከጠረጴዛው በጠፉ ጊዜ፣ የቀሩት በብዛት እርስ በርሳቸው የሚተዋወቁ ባለሙያዎች ነበሩና፣ ትናንት በቀላሉ ያተርፉ የነበሩት ሰዎች የቤቱን ድርሻ መሸፈን ተሳናቸው፤ በትንንሽ ጠረጴዛዎች ይህ ድርሻ ብዙ ጊዜ ከመካከሉ ገንዘብ ከመቶ 5 ያህል ነውና ቀላል ሸክም አይደለም።

ቤቶቹም ደካማው ቶሎ ከስሮ እንዳይሄድባቸው ዘዴ ፈለጉ። ፉል ቲልት በ2010፣ ፖከርስታርስ በ2012፣ ካርታውን የጣለ ሰው ወዲያውኑ ወደ ሌላ ጠረጴዛና ወደ ሌሎች ተጋጣሚዎች የሚዛወርበትን ፈጣን ጨዋታ አመጡ፤ ቦዶግ የተባለው ቤትም ከ2011 ጀምሮ የተጫዋቾችን ስም ሠውሮ በወንበር ቍጥር ብቻ ማጫወት ያዘ። በነዚህ ጠረጴዛዎች አንድን ደካማ ሰው ተከታትሎ ከአጠገቡ መቀመጥ አይቻልም፤ ትናንት የተመዘገበ ቍጥርም ለዛሬ አያገለግልም። የሚቀረው በዚያችው ዕደላ የሚታየው ብቻ ነው፤ ሰውየው ሳይጨምር በግዴታው መደብ ብቻ ገብቶ እንደ ሆነ፣ ከመካከሉ ገንዘብ ጋር የማይመጣጠን ትንሽ መደብ መድቦ እንደ ሆነ፣ ትልቅ መደብ ሲቀርብለት ሳያመነታ ከፍሎ እንደ ሆነ። ከነዚህ ሁለቱ ከተገኙበት፣ በሚቀጥለው ጥሩ ካርታ ከወትሮው አንድ ጊዜ ተኩል አድርጎ መመደብ ይቻላል፤ በባዶ እጅ ለማስፈራራት ግን ይህ ያህል ማስረጃ አይበቃም።